መሪውን የሚይዘው ሰው በሌለበት ሰዓት

የተከበራችሁ የጀልባ ባለቤቶች፣ ጀልባ ለመግዛት በማሰብ ላይ የምትገኙ ወገኖች፣ ከወላጆቻችሁ ጋር የመጣችሁ ልጆች፤ ጥሪያችንን አክብራችሁ በመገኘታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ንግግሬን በአንድ የራሴ ገጠመኝ እጀምራለሁ። ከዓመታት በፊት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ውለን ከነበረበት ጸጥ ያለ ጥግ ለመመለስ መልሕቅ ስስብ፣ ጀልባችን በሞገድ ድንገት ተነሣችና ሰንሰለቱ ቀኝ እጄን ከብረቱ ጋር አጣብቆ ሁለት ጣቶቼን ሰበረ። ሕመሙ ቀላል አልነበረም፤ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን በዚያች ቅጽበት የተገለጠልኝ ነገር ነው። ለ4 ዓመታት በዚያች ጀልባ ስንመላለስ ሞተሩን የማስነሣው እኔ፣ መሪውን የምይዘው እኔ፣ በሬዲዮ የምናገረውም እኔ ብቻ ነበርኩ። ባለቤቴ ጎበዝ መኪና ነጂ ናት፤ ያ ሞተር ማርሽ ገብቶ ሳለ እንደማይነሣ ግን አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም ነበር። የተጎዳውን እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ በቃል እየመራኋት ተመለስን። ራሴን ስቼ ቢሆን ኖሮስ? የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ከዚያ ጥያቄ የወጣ ነው።

እኔ የቤተሰብ ጀልባ የምላት፣ ዘወትር መሪዋን የሚይዘው ሰው ቢታመም ወይም ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ቀሪዎቹ ራሳቸው ይዘዋት ሊመለሱ የሚችሉባትን ጀልባ ነው። ርዝመቷ፣ የሞተሯ ጉልበትና የወንበሮቿ ምቾት ከዚህ በኋላ የሚታሰቡ ጉዳዮች ናቸው።

ስለዚህ ጀልባ ለመምረጥ ብቻችሁን አትሂዱ። ሁለተኛው ሰው፣ ማለትም በችግር ሰዓት መሪውን የሚረከበው ሰው፣ ከወንበሩ ላይ ይቀመጥ፤ ወደ ፊት አጥርቶ ያይ እንደሆነ፣ እጁ ያለ ችግር ማርሹ ላይ ይደርስ እንደሆነ ይሞክር። ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ሆነው፣ ነፋስ እየገፋ ባለበት ሰዓት፣ ከማሰሪያው ዳር ሊያስጠጓት የማይችሏት ጀልባ፣ ዋጋዋ የቱንም ያህል ቢስማማ፣ ለዚያ ቤተሰብ ትልቅ ናት ብዬ አምናለሁ። በመቀጠል አምራቹ የለጠፈውን ሰሌዳ አንብቡ፤ የሚፈቀደው የሰው ቁጥርና የጭነት ልክ በላዩ ላይ ተጽፏል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት የተሠሩ ጀልባዎች ደግሞ ከ“ኤ” እስከ “ዲ” ባሉ አራት ምድቦች ይከፈላሉ፤ ለምሳሌ የ“ሲ” ምድብ፣ የነፋስ ኃይል በሚለካበት በቦፎርት መለኪያ፣ እስከ 6 ለሚደርስ ነፋስና እስከ 2 ሜትር ለሚደርስ ማዕበል የታሰበ ሲሆን፣ የ“ዲ” ምድብ ግን ነፋሱ ከ4፣ ማዕበሉም ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ለማያልፍበት የተከለለ ውሃ ብቻ ነው። ይህን ፊደል ሳያዩ የሚገዙ ሰዎች ብዙ ናቸው።

አሁን ሰው ሳያየው ወደሚገድለው ነገር ልለፍ፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። በመሆኑም ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም፤ ወርዶ በጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይተኛል፣ ለመፈንዳትም አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። የቤንዚን ሞተሯ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሆነ ጀልባ፣ ቁልፉ ከመዞሩ በፊት የአየር ማስወጫው ማራገቢያ ቢያንስ ለ4 ደቂቃ ይሥራ፤ ከዚያም ክዳኑን ከፍታችሁ በአፍንጫችሁ አሽትቱ፤ የነዳጅ ሽታ ካለ ሞተሩ አይነሣም። ነዳጅ በሚቀዳበት ጊዜ ሰው ሁሉ ይውረድ፣ በርና መስኮት ይዘጋ፤ ጀሪካን ከሆነም መሬት ላይ ወርዶ ይሞላ። ለማብሰያ የምንጠቀምበት የፕሮፔን ጋዝም እንደዚሁ ከአየር የከበደ ስለሆነ ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ሳጥን ወደ ጀልባዋ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ መሆን አለበት።

ሁለተኛው የማይታይ ገዳይ ከሞተር ጭስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። ጀልባዋ በዝግታ ስትሄድ፣ በተለይም የሸራ መጋረጃዋ በከፊል ተዘግቶ ሳለ፣ ከኋላዋ የሚፈጠረው ሽክርክሪት የሞተሩን ጭስ መልሶ ወደ ተሳፋሪዎቹ ይስበዋል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ብዙዎቻችን ልጁን ውሃው አጥወለወለው ብለን እናስተኛዋለን፤ የምናስተኛውም ብዙ ጊዜ ጋዙ በተጠራቀመበት በዚያው ክፍል ውስጥ ነው። እባካችሁ የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ግጠሙ፤ ሞተር እየሠራ ሳለም ማንም ሰው፣ ለአንድ አፍታም ቢሆን፣ ከኋላ ባለው የመዋኛ መድረክ ላይ አይቀመጥ።

ከመሣሪያዎች ሁሉ አስቀድሜ የምጠራው የሕይወት አድን ጃኬትን ነው። ሰውን የማንሳፈፍ ጉልበቱ የሚለካው በኒውተን ነው፤ የ150 ኒውተን ጃኬት የተሠራው ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ሰማይ እንዲገለብጠው ነው፤ የ50 ኒውተኑ ግን መንሳፈፊያ ብቻ ሲሆን ለሚዋኝ ሰው የታሰበ ነው። የልጅ ጃኬት በክብደት ይመረጣል፤ ‘ሲያድግ ይሆነዋል’ ተብሎ ሰፊ አይገዛም። ካለበሳችሁት በኋላ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ አገጩን አልፎ ወደ ጆሮው ከወጣ አልሆነውም ማለት ነው። በእግሮች መካከል የሚያልፈው ማሰሪያም አይተው። በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው የመጀመሪያዋን ደቂቃ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ በአሥር ደቂቃ ገደማም ጣቶቹ መያዝ ያቆማሉ፤ ጃኬቱን ያን ጊዜ ለመልበስ መሞከር ከንቱ ነው። ከመነሣታችን በፊት ተለብሶ፣ ተመልሰን እስክንታሰር ድረስ አይወልቅም፤ ይህ ሕግ ወላጆችንም ይመለከታል።

መሪውን የያዘው ሰው የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ከሰውነቱ ጋር ይሰር። እሱ ሲወድቅ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩ ይጠፋል፤ ጀልባዋም ልጆቹን ይዛ አትሸሽም፣ ተመልሳም በፕሮፔለሯ አትመታውም። ነገር ግን ሁለተኛ ገመድ ከሌለ፣ የወደቀው ሰው ገመዱን ይዞት ስለሄደ፣ የቀሩት ሞተሩን ሊያስነሡ አይችሉም። ትርፍ ገመድ ሁሉም የሚያውቀው ቦታ ይኑር። መሰላሉም ውሃ ውስጥ ያለው ሰው ራሱ ደርሶ ሊዘረጋው የሚችል ይሁን፤ ከላይ ብቻ የሚፈታ መሰላል ብቻውን ለወደቀ ሰው ጌጥ ነው።

ስልክ ከዳርቻ ስትርቁ ሊከዳችሁ ይችላል። የባሕር ሬዲዮ ካላችሁ 16ኛው ቻናል፣ ማለትም 156.8 ሜጋኸርዝ፣ የአደጋ ጥሪ መስመር መሆኑን ማንበብ የሚችል ልጅ ሁሉ ይወቅ። ጥሪው ‘ሜይደይ’ ሦስት ጊዜ፣ የጀልባዋ ስም ሦስት ጊዜ፣ ያላችሁበት ቦታ፣ የደረሰባችሁ አደጋና የሰው ቁጥር ነው። እነዚህን ቃላት በጉልህ ጽፋችሁ ከሬዲዮው አጠገብ ለጥፉ፤ የደነገጠ ሰው ያነባል እንጂ አያስታውስም።

ስለ ጥገና የምለው አጭር ነው። የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ የምትስበው ኢምፔለር የምትባል ትንሽ የጎማ ተሽከርካሪ ስትሆን፣ እሷ ስትበጠስ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፤ መለዋወጫዋ ከነመፍቻው ይኑራችሁ። ከውሃ መስመር በታች ባለ ቀዳዳ ሁሉ አጠገብ የእንጨት ውታፍ ይታሰር፤ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ከውሃው ወለል 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢከፈት በደቂቃ ከ150 ሊትር በላይ ያስገባል፤ ይህንን ማውጣት የማይችሉ ትናንሽ ፓምፖች ብዙ ናቸው። የሞተር ማስነሻው ባትሪ ከመብራትና ከምግብ ማቀዝቀዣው ባትሪ የተለየ ይሁን።

ጉዞን በተመለከተ፣ ነዳጃችሁን በሦስት ክፈሉት፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ደግሞ ለክፉ ቀን። ነፋስ በፊት ለፊት ሲመጣ ፍጆታው ስለሚጨምር ይህ ስስት አይደለም። ከመነሣታችሁ በፊት ወዴት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ በየብስ ለሚቀር ሰው ንገሩ። የግጭት መከላከያ ዓለም አቀፍ ደንቦች በ1972 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጡ ሲሆን፣ ዋና ዋናዎቹን ልጆች ከእኛ ይልቅ ቶሎ ይይዟቸዋል፦ ሁለት የሞተር ጀልባዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ፤ መንገዳችሁን ለማቋረጥ ከቀኝ ለመጣችው ጀልባ ትለቃላችሁ፤ የምትቀድመው ጀልባ ከምትቀደመው ትርቃለች። በሌሊት ቀይ መብራት የግራ ጎን፣ አረንጓዴ የቀኝ ጎን ነው። መልሕቅ ስትጥሉም ገመድ አትሰስቱ፤ ጥልቀቱ፣ የጀልባዋ አፍንጫ ከውሃው ያለው ከፍታ ተጨምሮበት፣ 4 ሜትር ከሆነ ከ20 እስከ 28 ሜትር ልቀቁ። መልሕቅ የሚይዘው ገመዱ በጎን ሲስበው ነው፤ ወደ ላይ ሲስበው ግን ይነቀላል።

ይህ ሁሉ ግን በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ ወደ እኔ የዚያን ቀን ሁኔታ ይመልሰናል። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ፣ ውሃው ጸጥ ባለበት፣ ሰው አልባ በሆነ ስፍራ፣ አንድ መንሳፈፊያ ወርውሩና ‘ወድቋል’ በሉ። ዘወትር መሪ የሚይዘው ሰው ከዚያ በኋላ አይናገር፣ እጁንም አያንቀሳቅስ። አንዱ ልጅ ጣቱን ከመንሳፈፊያው ላይ ሳይነቅል ይጠቁም፤ ሌላው መሪውን ይያዝ፣ ማርሹን ያውጣ፣ ዞሮ የጀልባዋን ፊት ወደ ነፋሱ አድርጎ በዝግታ ይጠጋ፣ አጠገቡም ሲደርስ ሞተሩን ያጥፋ። መጀመሪያ ላይ ይስታሉ፤ ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ክፍል ነበር። ባለቤቴ በሦስተኛው ልምምድ መንሳፈፊያውን ያለ አንዳች ቃሌ አነሣችው፤ አሁን ከማሰሪያው ዳር የምታስጠጋው እሷ ናት።

አዳራሹ ፊት ለፊት ሦስት ጀልባዎች ታስረዋል። ጃኬቶቹ በልክ በልካቸው መድረኩ ላይ ተደርድረዋል። አሁን አብረን እንወርዳለን፤ መጀመሪያ ወደ መሪው የሚቀርቡት ግን እስከ ዛሬ ይዘውት የማያውቁት ናቸው።