አሥረኛው ሰው

እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ሻይ ይዣለሁ፤ የሆነ ነገር ሲንኳኳ ከሰማችሁ ብርጭቆዋ ናት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እስራኤል፣ ነታንያ ከተማ፣ ክረምት፣ ማታ። ሽንኩርትና ወተት ገዝቼ ወደ ቤት እየሄድኩ ነበር። አንድ የሞሮኮ ሽማግሌ ከትንሽዬ ምኩራብ በር ብቅ ብለው «ዓሲሪ! ዓሲሪ!» እያሉ ይጣራሉ። አሥረኛ ማለት ነው በዕብራይስጥ። እኔ ጸሎት ላይ ያን ያህል አይደለሁም። መንገድ ልቀይር ስል አዩኝ። አንዴ ከታየህ ደግሞ አለቀ።

ለማታውቁት፣ በአይሁድ ሥርዓት 13 ዓመት የሞላቸው 10 ወንዶች ካልተሟሉ አንዳንድ ጸሎት አይባልም። ሚንያን ይባላል። ሴቶችንም የሚቆጥሩ ማኅበሮች አሉ፤ ደግ አደረጉ እላለሁ። እዚያ ሰፈር ግን የድሮው ነው። ዘጠኝ ሊቃውንት ቢሰበሰቡ አይሞላም። ሽንኩርት የተሸከመ አንድ ሰው ሲጨመር ይሞላል።

ገባሁ። ሽንኩርቱን ወንበር ሥር አደረግኩ። የሸሚዙ ኮሌታ የተቀደደ ልጅ ተነስቶ ቃዲሽ አለ፤ ለሞተ ዘመድ የሚባል ጸሎት ነው፤ ልጁ ሐዘንተኛ ነው። እጁ ላይ ያለው መጽሐፍ ይንቀጠቀጣል። «አሜን» አልን። ስሜን እንኳ የጠየቀኝ የለም።

አባቴ እዚያ ገብተው አያውቁም። «እኔ ቄስ አለኝ» ይሉ ነበር፤ የእኛን የኢትዮጵያ አይሁዶችን ካህን ማለታቸው ነው። ወደዚህ አገር ስንመጣ አይሁድነታችንን የሚጠራጠር ብዙ ነበር፤ ያ ነገር አልወጣላቸውም። የእሳቸው ቀን ስግድ ነበር፣ የእኛው በዓል። ከስርየት ቀን፣ ከዮም ኪፑር፣ በ50ኛው ቀን ጾመው፣ ነጭ ለብሰው፣ ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ይወጡ ነበር። ቄሶቹ በጃንጥላ ሥር ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ። የእስራኤል ምክር ቤት፣ ክኔሴት፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ስግድን የአገሪቱ በዓል ሲያደርገው አባቴ «አሁን ገና ሰሙ?» አሉ።

ጎንደር እያለን ጸሎት ቤታችንን መስጊድ ነበር የምንለው። ከመስገድ ነው፤ ስግድም ከዚያው። ልጅ ሆኜ «ግዕዙ ይገባዎታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «አሜን የት ጋ እንደሚባል አውቃለሁ» አሉኝ። ያኔ ማምለጫ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ሲያርፉ ሰባቱን የሐዘን ቀን ሰው አላጣንም። የእኛ ሰው ለቅሶ ላይ ታውቁታላችሁ፤ ከአሽዶድ፣ ከቂርያት መላኪ እየመጣ ግቢው አልበቃ አለ። በስምንተኛው ቀን ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። ለወላጅ ግን ቃዲሽ 11 ወር ነው፣ በየቀኑ። የት ልሂድ? ወደ ሽማግሌው ምኩራብ ሄድኩ።

ቃዲሽ አብዛኛው አራማይክ ነው። ስለ ሞት አንድም ቃል የለበትም፤ የፈጣሪን ስም ማክበር ብቻ። እየተንተባተብኩ አነበብኩት። ሽማግሌውን ቀስ ብዬ «ለመሆኑ ይገባዎታል?» አልኳቸው። ሳቁ። «አሜኑ ይገባኛል» አሉ። በእውነት እንደዚያ አሉ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አለቀስኩ።

ከዚያ አንድ ማታ ዝናብ መጣ። ቆጠርን፣ ዘጠኝ ነን። ሽማግሌው ጉልበታቸውን አሟቸዋል። እኔ በር ላይ ወጣሁና ጮህኩ፤ «ዓሲሪ!» በሞተር ምግብ የሚያደርስ አንድ ልጅ ሄልሜቱን ሳያወልቅ ስልኩን የሚያይ መሰለ።

አየሁት።