ግብራችን የት ገባ?

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከደሴ ነው የማወራችሁ፤ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን የክልላችን የበጀትና የግብር ሥርዓት ሲያብሰለስለኝ ነው የሰነበተው።

ማሻሻያ ሲባል ሁልጊዜ የሚወራው አሰባሰቡ ነው። ደረሰኝ ቁረጡ፣ መዝገብ ያዙ፣ በስልክ ክፈሉ። እሺ፣ ጥሩ። ግን ፒያሳ ላይ ትንሽ ሱቅ ያላት እናት የከፈለችው ብር ምን እንደሠራ የት ትየው?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የግለሰብ ነጋዴውን የትርፍ ግብር፣ የገበሬውን የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ የኮምቦልቻ የግል ፋብሪካ ሠራተኛውንም የደመወዝ ግብር ለክልል ሰጥቷል። ይሄ ግን ክልሉን አያኖረውም፤ የፌደራል ድጎማ ይጨመርበታል፣ ቀመሩን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ያጸድቃል። ክልሉ ደግሞ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለወረዳዎች ጥቅል በጀት ያከፋፍላል፤ ወረዳው ራሱ ይደለድለዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የወረዳ በጀት የሚጸድቀው ከክልሉ የሚመጣው ድጎማና ወረዳው ራሱ ይሰበስባል የተባለው ገቢ ተደምሮ ነው። ልብ በሉ፣ ብሩ ገና ከነጋዴው ኪስ ሳይወጣ ተቆጥሯል! ሥራ ቀዝቅዞ ገቢው ከጎደለ፣ መጀመሪያ የሚነካው ደመወዝ አይደለም፤ ትልቁን ድርሻ የሚወስደውም እሱ ነው። የሚቆረጠው የውሃ ጥገናው ነው፣ የገጠር መንገዱ ነው፣ የጤና ጣቢያው ሥራ ማስኬጃ ነው። ስለዚህ ሰብሳቢው ዕቅድ ለመሙላት ይጨነቃል፤ የተጨነቀ ሰው ደግሞ በነጋዴው ላይ የገቢ ግምት ይጨምራል።

የ2009ኙን የቀን ገቢ ግምት ታስታውሳላችሁ፤ በአንዳንድ ከተሞች ሱቅ ተዘጋ። ቁጣው በብሩ መብዛት ብቻ አልነበረም እላለሁ። «ማን ገመተኝ? በምን ለክቶ?» የሚለው መልስ አጥቶ ነው።

ጊዜውስ? ደረጃ ሐ የሚባለው ትንሹ ነጋዴ ለዓመታት የከፈለው ሐምሌ ላይ ነው። ሐምሌ ወሎ ውስጥ ዝናብና ጭቃ ነው፤ ገበሬው ያለውን ዘር ላይ አውሎ ገበያ አይወጣም። እህል ሲገባ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ያው ነጋዴ እጁ ላይ ብር አለ። ከፋፍሎ እንዲከፍል ማድረግ ምን ይከብዳል? በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሱቁ የተዘረፈበት ሰው አለ፤ ከባዶ ተነስቶ ዛሬም ግብር ይከፍላል። ይሄን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ለዚህ ሰው ቢያንስ ሂሳብ ሊነገረው ይገባል።

ቅሬያችንን፣ ሌላው እድር የሚለውን፣ እዩ። አስገዳጅ ሳይመጣ የሚከፈለው፣ ገንዘብ ያዡ ሰው ፊት ቆሞ ገቢና ወጪውን ስለሚናገር ነው።

የወረዳን በጀት በቀላል ሠንጠረዥ ጽፎ ሕዝብ በሚያየው ቦታ መለጠፍ አዲስ አይደለም፤ በ1998 ከተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ጋር የመጣ ሥራ ነው። ለትምህርት ይሄን ያህል፣ ለጤና ይሄን ያህል ይላል። እኔ አንድ ዓምድ እንዲጨመርበት እፈልጋለሁ፦ ከዚህ ውስጥ እናንተ የከፈላችሁት ስንት ነው፣ ምንስ ተሠራበት? ወረዳው ከዕቅዱ በላይ ከሰበሰበም ትርፉ እዚያው ለውሃና ለመንገድ ይዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ከድጎማው አይቀነስበት።

የወረዳችሁ ምክር ቤት በጀት ሊያጸድቅ ሲቀመጥ የቀበሌያችሁን ተወካይ አግኙትና ሠንጠረዡ የት፣ መቼ እንደሚለጠፍ ጠይቁት። መልሱን ላኩልኝ፣ እዚሁ አነበዋለሁ። አብሽሩ፣ በሰላም ቆዩኝ።