ልዕልቷ ከደረጃው ስትወርድ

እሺ... እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ የጉዞውን ወሬ ልነግራችሁ ቃል ገብቼ ነበር፣ አልሆነልኝም። ኦድሪ ናት። አዎ፣ እንደገና ኦድሪ ሄፕበርን፣ የድሮዋ የፊልም ተዋናይት።

ማታ ልዕልት ሆና የሠራችበትን ፊልም «ሮማን ሆሊዴይ»ን ከፈትኩና መጨረሻውን አራት ጊዜ መለስኩት። ልዕልቷ ጋዜጠኞቹ ፊት ቆማለች አይደል? ከጎበኘሻቸው ከተሞች የቱን ወደድሽ ሲሏት ያስጠኗትን መልስ ትጀምርና መሀል ላይ ታቆማለች። ሮም ትላለች። በቃ፣ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። እሷ ግን ጋዜጠኞቹን ልተዋወቃቸው ትልና ደረጃውን ትወርዳለች። ውረጂ ያላት የለም እኮ! አንድ በአንድ እየጨበጠች፣ ጆ ጋ ትደርሳለች፣ ሮምን አብሯት የዞረው፣ የወደደችው ጋዜጠኛ ጋ። እጁን ትይዛለች፣ ልክ እንደ ሌሎቹ። ደስ ብሎኛል፣ ሚስተር ብራድሊ። ይኸው ነው። ተመልሳ ትወጣና ዞር ትላለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ከዚያ ያ ፈገግታ ቀስ ብሎ ከፊቷ ላይ ይወርዳል። ኦስካሩን ስትወስድ ገና 24 ዓመቷ ነበር። በዚያ ዕድሜ ያንን ፊት ከየት አመጣችው?

እኔ ከአባቷ ነው የምለው። ስድስት ዓመቷ እያለ ጥሏቸው ሄደ። ከብዙ ዓመት በኋላ በቀይ መስቀል በኩል አፈላልጋ ደብሊን ድረስ ሄደች፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቃት ሴት ሆና። ልጇ እንደተረከው አባትየው ቆሞ ቀረ። አንድ ርምጃ እንኳ አልሄደም። ሄዳ ያቀፈችው እሷ ናት። እስኪሞትም ድረስ ጦረችው።

መቀሌም መጥታለች እኮ። በእኛ 1980 ዓ.ም.፣ ለዩኒሴፍ የመጀመሪያ ጉዞዋ፣ 500 ሕፃናት ያሉበት ማሳደጊያ። ሆላንድ እያለች በጦርነቱ ጊዜ ረሃብን ራሷ ቀምሳዋለች፣ ስለዚህ... ቆይ፣ ይሄን አልነበረም የምለው።

ሰኞ ለት የአክስቴ ለቅሶ ላይ አባቴን አየሁት። እኔንም ጥሎኝ እንደሄደ ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጧል፣ ንፍሮ በእጁ ይዟል፣ ጋቢው ከአንድ ትከሻው ወርዷል። ሲያየኝ ከወንበሩ ብድግ ሊል ጀመረ። ግማሽ ላይ ቀረ። ንፍሮው ከእጁ ይፈስሳል፣ እሱ አላየውም። እኔም ቆምኩ። በመሀላችን አሥር ርምጃ ቢሆን ነው። ከዚያ ሰው መጣ፣ አለፈ፣ እሱም ተቀመጠ።

ሂጂ የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ግን እንጃ። ጥሎ የሄደ ሰው ይምጣ እንጂ! ለምንድነው ሁልጊዜ የተተወው የሚሄደው? ይሄን ስል ደግሞ ያ ፊቷ ይመጣብኛል፣ ደረጃውን ስትወርድ... ይቅር ብላው ነው ያቀፈችው? ወይስ ብቻ... ቆሞ ሲቀር ማየት አቅቷት?

አርባው እየመጣ ነው። እሱም ይመጣል መሰለኝ። ጋቢው ግን... ማንም አላነሳለትም እኮ። እንደወረደ ነበር...