ደሴ ላይ «ት» ሲጨመር፦ የደሴቶቹ ክለቦች ዋንጫ

(ምስል፦ ደሴ፣ ፒያሳ)

ሰላም ናችሁ? ዛሬ ደሴ ላይ አንዲት «ት» ጨምረን ደሴት እንሄዳለን። ወሎ ውስጥ ለደሴት የሚቀርብልን ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። እሱም ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል።

የደሴ ቡድን ኮምቦልቻ ሄዶ ለመጫወት ምን ያስፈልገዋል? ሚኒባስ። ሐረጎን ተጠማዞ መውረድ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። ማታ እራቱን ቤቱ ይበላል።

(ምስል፦ የካሪቢያን ካርታ)

የጃማይካ ክለብስ? ትሪኒዳድ መጫወት ቢያምረው መንገዱ ከደሴ አዲስ አበባ አራት እጥፍ በላይ ነው። ያውም ባሕር! ተጫዋች፣ አሠልጣኝ፣ ወጌሻ፣ ሁሉም የአውሮፕላን ትኬት ይቆረጥለታል።

የካሪቢያን እግር ኳስ ኅብረት የክለቦች ውድድሩን እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀምር የቸገረው ይኸው ነው። በኋላ የተለመደው መላ አንድ ምድብ የደረሳቸውን ክለቦች አንድ ደሴት ላይ ማሰባሰብ ነበር። አንዴ በርረው ሁሉንም ጨዋታ እዚያው ይጨርሳሉ። ወጪው ይቀንሳል፤ ግን ድግሱ በአስተናጋጁ ቤት ነው። ደጋፊውም የሱ፣ ሜዳውም የሱ።

እ.ኤ.አ. በ2023 የሰሜንና የመካከለኛው አሜሪካ እንዲሁም የካሪቢያን እግር ኳስ የበላይ አካል የሆነው ኮንካካፍ ነገሩን ቀየረው። የካሪቢያን ዋንጫ ተባለ። አሥር ክለቦች፣ አምስት አምስት ሆነው በሁለት ምድብ። እያንዳንዱ ክለብ አራቱን ተጋጣሚዎቹን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ያገኛል፦ ሁለቱን በሜዳው፣ ሁለቱን ባሕር ማዶ። ኃይለኛውን ቡድን በሜዳው የደረሰው ዕድለኛ ነው። እኔ ፍትሐዊ ነው አልልም፤ የትኬቱን ሒሳብ ሳስበው ግን ይገባኛል። ደርሶ መልስ የሚመጣው ከግማሽ ፍጻሜ ጀምሮ ነው።

ደግሞ ጉዱን ስሙ። የ2023ቱን ዋንጫ የወሰደው ሮቢንሁድ የሱሪናም ክለብ ነው። ሱሪናም ደሴት አይደለችም፤ ደቡብ አሜሪካ የብስ ላይ ቁጭ ያለች አገር ናት። በኳሱ ግን ከካሪቢያን ትቆጠራለች። እንዲህ ከሆነማ ደሴም ትመዝገብ!

(ምስል፦ ኪንግስተን፣ ማታ)

ከዚህ ውድድር ሦስት ክለቦች ወደ ኮንካካፍ ሻምፒዮንስ ዋንጫ ያልፋሉ። አሸናፊው በቀጥታ 16ቱ ውስጥ ይገባል። የ2024ቱ አሸናፊ የጃማይካው ካቫሊየር እዚያ ላይ የሜሲ ክለብ፣ የአሜሪካው ኢንተር ማያሚ ደረሰው። በመጀመሪያው ጨዋታ በእንግድነት ሄዶ 2 ለ 0 ተሸነፈ። መልሱ መጋቢት ላይ ኪንግስተን ነበር። ሜሲ ተቀይሮ ገባና በባከነው ሰዓት አገባ፤ ደግመው 2 ለ 0 ተሸነፉ። ከውድድሩም ወጡ። ግን በዚያ ምሽት ባሕር የመሻገሩ ተራ የሜሲ ነበር።