መለኪያው ጠፍቶ ሳለ መስመሩ ለምን ይቀጥላል?

ጥያቄ፦ መለኪያችን በየ10 ደቂቃው ሙቀት ይመዘግባል። ከሌሊቱ 8፡00 እስከ 11፡00 ጠፍቶ ነበር፤ ግራፉ ላይ ግን ቀጥ ያለ መስመር ይታያል። ለምን?

መልስ፦ ሶፍትዌሩ መለኪያው መጥፋቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ፋይሉ ውስጥ ከ8፡00 ቀጥሎ ያለው ረድፍ የ11፡00 ከሆነ ሁለቱን ነጥቦች ያገናኛቸዋል። ክፍተቱ እንዲታይ ከ8፡10 እስከ 10፡50 የጎደሉት 17 ረድፎች መግባት፣ የሙቀቱ ዓምድም ባዶ መሆን አለበት። በፓንዳስ (ዳታ ለመተንተን በሚያገለግለው የፓይተን ላይብረሪ) ከሠሩ በ10 ደቂቃ «ሪሳምፕል» አድርገው፣ ማለትም ንባቦቹን በእኩል የጊዜ ክፍሎች መድበው፣ አማካይ ሲወስዱ ባዶዎቹ ረድፎች ራሳቸው ይፈጠራሉ። ከዚያ በኋላ ባዶዎቹን የሚሰርዝ ትእዛዝ አይጨምሩ፤ መስመሩ ተመልሶ ይገጣጠማል።

ዝናብ ከሆነ የሚለኩት በጣም ይጠንቀቁ። ከአማካይ ይልቅ ድምር ሲወስዱ ፓንዳስ ለባዶ ጊዜ 0 ይሰጣል፤ ያልተለካው ሰዓት «አልዘነበም» ተብሎ ይነበባል። «ሚን ካውንት»ን፣ ማለትም ለድምሩ የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ የንባብ ብዛት፣ 1 ሲያደርጉት ባዶው ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ፦ በሁለት ክፍተቶች መካከል ብቻዋን የቀረች ንባብ በመስመር አትታይም፤ መስመር ሁለት ነጥብ ይፈልጋልና። የነጥብ ምልክት ያክሉበት።

ጥያቄ፦ ኤክሴል ላይ ሴሉ ባዶ ነው፣ መስመሩ ግን ወደ ዜሮ ይወርዳል።

መልስ፦ ሴሉ ውስጥ ባዶ ጽሑፍ የሚመልስ ፎርሙላ ይኖራል። ኤክሴል ጽሑፍን እንደ ዜሮ ይስላል። በባዶ ጽሑፉ ፋንታ «ዋጋ የለም» የሚል ውጤት የሚሰጠውን የ«ኤን ኤ» (NA) ፋንክሽን ያስገቡ።

ጥያቄ፦ ንባብ ሲጎድል በምትኩ የሚጻፉ ጥቂት −9999 ቁጥሮች ግራፉን ጨፍልቀውታል። የዋይ አክሲስን (ቋሚውን የቁጥር መስመር) ከ0 እስከ 40 ብወስነው ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ቁጥሮቹ አሁንም አሉ፤ ከፍሬሙ በታች የሚወርዱ ቀጥ ያሉ መስመሮች ይቀራሉ፣ አማካዩም ይበላሻል። ፋይሉን ሲያነቡ መጀመሪያ −9999ን ወደ ባዶ ይለውጡ፣ ገደቡን ከዚያ ያስቀምጡ። በእጅ ያስቀመጡት ገደብ እንደማይለወጥ ግን አይርሱ፤ ነገ 43 ቢመዘገብ ከፍሬሙ ውጭ ይቀራል።

የጊዜውን አክሲስ በተመለከተ፣ መነሻና መድረሻውን እርስዎ ይወስኑ። ለሶፍትዌሩ ከተዉት አክሲሱ የመጨረሻዋ ንባብ አጠገብ ያበቃል፤ መለኪያው ከሦስት ቀን በፊት ቢቆምም ግራፉ ሙሉ ይመስላል። መድረሻውን ዛሬ ካደረጉት የሦስቱ ቀን ባዶ ቦታ በቀኝ በኩል ቁልጭ ብሎ ይታያል።