ስንት ሰርቨር «ጽፌዋለሁ» ሲል እንመን? የኮረም ቁጥሮች አመራረጥ

[ስክሪን፦ ሦስት ሰርቨሮች፤ በሦስቱም ላይ የአንዲት ደንበኛ ስልክ ቁጥር]

ደንበኛዋ ስልክ ቁጥሯን ቀየረች። ቁጥሩ በሦስት ሰርቨሮች ላይ ተቀምጧል። ስንቱ «ጽፌዋለሁ» ሲል ነው «ተቀይሯል» የምንላት? በኋላ ስናነብስ ስንቱን እንጠይቅ? ይህ «ይበቃል» የምንለው የሰርቨሮች ብዛት ኮረም ይባላል።

ካሳንድራን ወይም መሰል ዳታቤዝ የሚጠቀም ሁሉ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሰጥቷል። ቅንብሩን ያልነካ ሰው ዲፎልቱ፣ ማለትም አስቀድሞ የተቀመጠው ምርጫ፣ መልሶለታል ማለት ነው። የካሳንድራ የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ለምሳሌ፣ ካልነገራችሁት በቀር የአንድ ቅጂ መልስ ይበቃዋል። ይህን ሳያውቁ ሥራ ላይ ማዋል ያስፈራል።

[ስክሪን፦ ኤን = 3፣ ደብሊው = 2፣ አር = 2]

ሦስት ፊደሎች ያዙልኝ። ኤን የቅጂዎች ብዛት ነው። ደብሊው ስንጽፍ የምንጠብቀው የማረጋገጫ ብዛት፣ አር ደግሞ ስናነብ የምንጠብቀው የመልስ ብዛት ነው። በድምፅ ብልጫ የመወሰን ሐሳቡ የቆየ ነው፤ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዴቪድ ጊፈርድ በ1979 ጽፎበታል። ፊደሎቹን በሰፊው ያስተዋወቀው ግን አማዞን በ2007 ዳይናሞ ስለተባለው የራሱ የዳታ ማከማቻ ያወጣው ጽሑፍ ነው። እዚያ የተለመደው ቅንብር ይኸው ነበር፦ 3፣ 2፣ 2።

[ስክሪን፦ አር + ደብሊው > ኤን]

ለምን 2 እና 2? ሁለቱ ሰርቨሮች አዲሱን ቁጥር ከያዙ፣ አሮጌውን ሊይዝ የሚችለው አንድ ብቻ ነው። ሁለት ስንጠይቅ ቢያንስ አንዱ አዲሱን ያውቃል። ቀመሩ ይህ ነው፦ አር እና ደብሊው ሲደመሩ ከኤን መብለጥ አለባቸው። የትኛው አዲስ እንደሆነ ካሳንድራ የሚለየው ከዳታው ጋር በተጻፈው ሰዓት ነው። የኋለኛው ያሸንፋል። ስለዚህ የማሽኖቻችሁ ሰዓት ከተዛባ አሮጌው አዲሱን ሊረታው ይችላል። ሰዓት ማመሳሰሉን እንደ ትርፍ ሥራ አትዩት።

ደብሊውን 3፣ አርን 1 ብታደርጉም ድምሩ ያው 4 ነው። ንባቡ ይፈጥናል። ግን አንድ ሰርቨር በወደቀ ቁጥር መጻፍ ይቆማል፤ ሁሉም ደህና ሲሆኑም የምትጠብቁት በጣም ቀርፋፋውን ነው። በ2 እና 2 ግን ሦስተኛው ቢንቀራፈፍ አያገባችሁም። ሁለቱንም 1 ማድረግስ? ለቪዲዮ ተመልካቾች ቁጥር ምንም አይልም። ለስልክ ቁጥር ወይም ለሒሳብ ግን አልመክርም።

ቅጂ ስትጨምሩ ደግሞ ይህን አስተውሉ። 5 ቅጂ ካላችሁ አብላጫው 3 ነው፤ ሁለት ሰርቨር ቢወድቅ ትቋቋማላችሁ። በ4 ቅጂም አብላጫው 3 ነው፤ የምትቋቋሙት ግን የአንዱን መውደቅ ብቻ። በ3 ቅጂም ያው አንድ ነበር። በአራተኛው ሰርቨር ወጪ እንጂ ጽናት አልገዛችሁም።

[ስክሪን፦ ከሦስቱ አንዱ ብቻ አረንጓዴ፤ «ጊዜው አልፏል» የሚል መልእክት]

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ሁለት ማረጋገጫ ጠበቅን፤ የመጣው አንድ ብቻ ነው። መተግበሪያው «አልተሳካም» አለ። ያ አንዱ ሰርቨር ግን የጻፈውን አይሰርዝም! ቀጣዩ ንባብ እሱን ካገኘ አዲሱን ቁጥር ያያል፤ ካላገኘው አሮጌውን። ከዚያም ዳታቤዙ በንባብ ጊዜ ልዩነቱን ሲያርም፣ «አልተሳካም» የተባለው ጽሑፍ ወደ ሌሎቹም ይሄዳል። ስለዚህ እዚህ ላይ «አልተሳካም» ማለት «አልታወቀም» ማለት ነው።

ስልክ ቁጥር ከሆነ ደግማችሁ ላኩት፤ ያው ቁጥር ሁለቴ ቢጻፍ ጉዳት የለውም። «100 ብር ጨምር» ከሆነ ግን መድገሙ 200 ሊያደርገው ይችላል። ለእያንዳንዱ ዝውውር የራሱ መለያ ቁጥር ስጡት፤ ሲደገም ዳግም አይቆጠርም።

ኮረም የማይፈታው ሌላም አለ። ሒሳቡ ላይ 500 ብር አለ። ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት 400 ሊያወጡ መጡ። ሁለቱም በ2 ቅጂ አነበቡ፣ ሁለቱም ትክክለኛውን 500 አዩ፣ ሁለቱም አወጡ። ቀመሩ አልተጣሰም፤ ገንዘቡ ግን ሄዷል። እዚህ የሚያስፈልገው «ሒሳቡ አሁንም 500 ከሆነ ብቻ ጻፍ» የሚል ትእዛዝ ነው። ካሳንድራ ከስሪት 2.0 ጀምሮ ይህን ፓክሶስ በተባለ፣ ሰርቨሮች በአንድ ውሳኔ በሚስማሙበት ስልት ይሠራል። ፍጥነት ይቀንሳል፤ ለገንዘብ ግን ልከፍለው የምወድ ዋጋ ነው።

[ስክሪን፦ ፍራንክፈርት 3 ቅጂ፣ ደብሊን 3 ቅጂ]

ሁለት ዳታ ሴንተር ሲኖር ጠቅላላው 6፣ አብላጫው 4 ይሆናል። እያንዳንዱ ጽሑፍ የሌላውን ከተማ መልስ ይጠብቃል። ብዙዎች «ሎካል ኮረም»ን የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ እዚያው ካሉት ሦስት ሁለቱ ይበቃሉ። ፍራንክፈርት ላይ ጽፎ ደብሊን ላይ የሚያነብ ሰው ግን 2 ሲደመር 2፣ 4 ነው፤ ከ6 አይበልጥም። አሮጌውን ሊያይ ይችላል። አንድን ተጠቃሚ ሁልጊዜ ወደ አንድ ዳታ ሴንተር መላክ አብዛኛውን ችግር ያቃልላል።

[ስክሪን፦ ሦስት የሙከራ ሰርቨሮች፤ አንዱ ይጠፋል]

ቅንብራችሁን ለማጣራት ባለ ሦስት ቅጂ የሙከራ ክላስተር (አብረው የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ) ላይ አንዱን ሰርቨር ሆን ብላችሁ አጥፉ። መጻፍም ማንበብም መቀጠል አለበት። ሁለተኛውንም አጥፉ። አሁን በ2 እና 2 ሁለቱም መቆም አለባቸው። አንዱ ጥያቄ አሁንም መልስ ካገኘ፣ ኮዱ ውስጥ የሆነ ቦታ በአንድ ቅጂ የሚረካ ቅንብር ተቀምጧል። ፍለጋውን ከዚያ ጥያቄ ጀምሩ።