ስልሳ ልበል?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላ የምትሰሙት ዝናብ ነው፤ ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ ምን ላድርግ።

የ1987ቱ ሕዝብ ቆጠራ ጊዜ ልጅ ነበርኩ። ቆጣሪው ደጃችን ቆሞ አያቴን «እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አላት። «ጣሊያን ሲገባ ገንቦ አዝዬ ውሃ እቀዳ ነበር» አለችው። ልጁ እስክሪብቶውን ይዞ ትንሽ አሰበ። «ስልሳ ልበል?» «በል የኔ ልጅ።» ተጻፈ።

ዘንድሮ የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ ልጽፍ ስነሳ ትዝ አለኝና ሒሳቡን ሠራሁት። የቀበሌ መታወቂያዋም ያንኑ ስልሳ ተከትሎ የትውልድ ዘመኗን 1927 ይለዋል። ጣሊያን የገባው በ1928 ነው። ታዲያ ገንቦውን ያዘለችው የአንድ ዓመት ሕፃን ናት? ቢያንስ ሰባት ዓመት ሳይሞላት አይቀርም። ስድስት ዓመት ደጃችን ላይ ቀረ ማለት ነው። ነገሩ የእሷ ብቻ አይደለም፤ በቆጠራ ውጤቶቻችን በዜሮና በአምስት የሚያልቁ ዕድሜዎች ሁሌም ያብጣሉ። 53 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ ለቆጠረ ሰው ይህ የሚስተካከል ነገር ነው። እኔ የምፈልገው ግን አንዲት ሴት ነው።

የተሞላውን ቅጽ ልየው ብትሉ ደግሞ የግለሰብ መልስ ምስጢር ነው። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ፣ እዚያ የተወለደችው ሚስቱ አያት የተቆጠሩበትን ገጽ በስልኩ አሳየኝ። እነሱ ዘንድ 72 ዓመት ሲሞላው ይከፈታል፤ የ1950ው በ2022 ተከፍቷል፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ቀናሁ፣ አልዋሽም። ግን እዚያም የተጻፈው ዕድሜ መቃብራቸው ላይ ካለው ጋር በሁለት ዓመት ይለያያል።

እኔም ወደ ደብሩ ሄድኩ። ቄሱ መዝገብ ከማውጣታቸው በፊት «የክርስትና ስሟ ማነው?» አሉኝ። ክው አልኩ። እናቴም አታውቀውም። ያለ ክርስትና ስም እኮ ፍትሐት እንኳ አይደረግም፤ ታዲያ በቀብሯ ዕለት ስሙን የሰጠ ሰው ነበር ማለት ነው። ጠያይቄ ጠያይቄ አብረዋት ጽዋ ይጠጡ የነበሩ ጎረቤት አገኘሁ። «ወለተ ጊዮርጊስ ናት» አሉኝ፣ ሳያመነቱ። «ደግሞ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች።»

ደስ አለኝ፤ ብዕሬን አወጣሁ። «እርስዎስ እትዬ፣ ስንት ዓመትዎ ነው?»

«እንጃ ልጄ፣ ዘጠና በለው።»